«ባለ 3 ናኖሜትር» ተብሎ ስለሚሸጠው ፊልተር



ክረምቱ ሊወጣ፣ ሰማዩም ሊገለጥ ነው። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን የሚጎርፈው ጥያቄ ዘንድሮም በውስጥ መስመር መምጣት ጀምሯል። «ቲቸር፣ አክስቴ ከአሜሪካ ሊመጡ ነው፤ የትኛውን ናሮውባንድ ፊልተር ላስገዛ?» «ቲቸር፣ ባለ 3ቱ ነው ባለ 7ቱ የሚሻለው?» ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ እዚህ ልጻፈውና ሁላችሁም አንብቡት። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አዲስ አበባ ላይ ሆኖ የኔቡላ ፎቶ ማንሳት ለሚጀምር ሰው ባለ 3 ናኖሜትር ፊልተር የመጀመሪያ ግዢው መሆን የለበትም ባይ ነኝ። ሁለተኛው ነገር ግን ከዚህም ይብስብኛል፦ ባለ 3ም ሆነ ባለ 12፣ የትኛውም ፊልተር መመለስ በሚቻልበት አገር እያለ ሳይፈተሽ ሻንጣ ውስጥ መግባት የለበትም። እኛ ዕቃው አንዴ ቦሌ ከደረሰ በኋላ «አልሆነኝም» ብለን የምንመልስበት መንገድ የለንም።

ለአዲሶቹ ተከታዮቼ ነገሩን ላስረዳ፤ ክፍል ውስጥ የሰማችሁት ዝለሉት። የባልመር መስመሮችን ታስታውሳላችሁ? የሃይድሮጅን ኤሌክትሮን ከሦስተኛው ደረጃ ወደ ሁለተኛው ሲወርድ የሞገድ ርዝመቱ 656.3 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ብርሃን ያወጣል። ለፈተና ስትሸመድዱት የነበረው ቁጥር ማለት ነው። ኦሪዮን፣ ሮዜት፣ ላጉን የምንላቸው ኔቡላዎች በፎቶ ቀይ ሆነው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሃይድሮጅን አልፋ ይባላል። ሌሎች ሁለት ጓደኞች አሉት። አንደኛው ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን ነው፤ 500.7 ላይ ወደ ሰማያዊ ያደላ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል። ሌላው አንድ ኤሌክትሮን ያጣ ሰልፈር ሲሆን 671.6 እና 673.1 ላይ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። (ሁለት ያጣውን «ኦክስጅን ሦስት» የሚሉት መቁጠር የሚጀምሩት ምንም ካላጣው አተም ስለሆነ ነው። ሁልጊዜ ያደናግራል፤ ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።) ናሮውባንድ ፊልተር እንግዲህ ከእነዚህ መስመሮች በአንዱ ዙሪያ ጠባብ መስኮት ከፍቶ ሌላውን ሁሉ የሚዘጋ መስታወት ነው። «3» ወይም «7» የሚባለው የመስኮቱ ስፋት ነው።

ለምን አስፈለገን? የመንገዱ መብራት ቢጫ ሶዲየም በነበረ ጊዜ ብርሃኑ በአብዛኛው በ589 ናኖሜትር ዙሪያ ስለሚከማች፣ ያንን የሚቆርጥ ርካሽ ፊልተር ገዝቶ መገላገል ይቻል ነበር። አሁን በየመንገዱና በየሕንጻው ያለው ነጭ ኤልኢዲ ከሰማያዊ እስከ ቀይ ሁሉንም ያጥለቀልቀዋል። «የብርሃን ብክለት ማጣሪያ» ተብለው የሚሸጡት ሰፋፊ ፊልተሮች በኤልኢዲ ፊት ብዙም አቅም የላቸውም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። የሚያዋጣው መስኮቱን አጥብቦ ኔቡላው የሚያበራበትን ብቻ ማስገባት ነው። (መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ የሚጨልመው ጨለማ ከየትኛውም ፊልተር ይበልጣል። ችግሩ የቴሌስኮፑ ሞተርም አብሮ መቆሙ ነው።)

በሌላ በኩል ዕድለኞች ነን። የኦሪዮን ኔቡላ ከአዲስ አበባ ሲታይ ከአድማስ 75 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ ለንደን ያለ ሰው 33 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚያየው። ሮዜት ደግሞ አናታችን ላይ ይመጣል ማለት ይቻላል። ከተማችንም ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ብርሃኑ ወደ እኛ ሲመጣ የሚያቋርጠው አየር ከእነሱ ያነሰ ነው። የአውሮፓ ሰው «ያለ ባለ 3 አይሆንም» ሲል የራሱን ሰማይ እያየ መሆኑን አትርሱ።

አሁን ወደ ክርክሩ። ጠባቡ ይሻላል የሚሉት ሰዎች ሒሳባቸው ልክ ነው። የኔቡላው ብርሃን አንድ መስመር ላይ የተከማቸ ስለሆነ መስኮቱ 7ም ይሁን 3 መስመሩ ያው ይገባል። የከተማው ብርሃን ግን በመስኮቱ ስፋት ልክ ነው የሚገባው። ከ7 ወደ 3 ስትወርዱ የሰማዩ ብርሃን ከግማሽ በታች ይሆናል። በባለ 7 ሰባት ሰዓት የሚፈጀውን ፎቶ በባለ 3 በሦስት ሰዓት ማግኘት ይቻላል ማለት ነው። ማን ይጠላል?

ነገር ግን ይህ ሒሳብ ሁለት ነገሮች ተሟልተዋል ብሎ ነው የሚነሳው። አንደኛ፣ መስኮቱ የተከፈተው በትክክል መስመሩ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ የሰማዩ ብርሃን ከካሜራው ከራሱ ኖይዝ ይበልጣል።

ሁለተኛው አጭር ስለሆነ እሱን ላስቀድም። ፊልተሩ በጠበበ ቁጥር እያንዳንዱ ፎቶ ይጨልማል። ፎቶው በጣም ከጨለመ የሚያስቸግራችሁ የከተማው ብርሃን ሳይሆን ካሜራው ምስሉን ሲያነብ የሚጨምረው ኖይዝ ይሆናል፤ እሱን ደግሞ የትኛውም ፊልተር አያጠፋውም። መድኃኒቱ አንዱን ፎቶ ለአምስት ወይም ለአሥር ደቂቃ ማንሳት ነው። ለዚያ ደግሞ ኮከቡን ያለ መንሸራተት የሚከታተል ጠንካራ ማውንትና ጋይድ ካሜራ ያስፈልጋል። አብዛኞቻችሁ በትንሽ መከታተያ የ60 ወይም የ90 ሰከንድ ፎቶ ነው የምታነሱት። በዚያ ላይ ባለ 3 ፊልተር መግጠም ማለት ለማውንቱ መዋል የነበረበትን ገንዘብ መስታወት ላይ ማዋል ነው።

አንደኛው ነው ረጅሙ፤ ሰው የማያወራውም እሱን ነው።

እነዚህ ፊልተሮች እንደ መነጽር መስታወት ቀለም የተነከሩ አይደሉም። እጅግ ስስ የሆኑ ንብርብሮች ተደራርበውባቸው፣ ብርሃን በንብርብሮቹ መካከል እየተመላለሰ አንዳንዱ የሞገድ ርዝመት ሲደጋገፍ ሌላው ሲጠፋፋ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ሲገባና ሰያፍ ሲገባ አንድ አይደለም። ሰያፍ ሲገባ መስኮቱ ይንሸራተታል፤ የሚንሸራተተውም ሁልጊዜ ወደ ሰማያዊው፣ ማለትም ወደ አጭሩ ሞገድ ነው። ወደ ቀይ አይሄድም። ይቺን ነጥብ ያዟት፤ በኋላ ለፍተሻ ትጠቅመናለች።

ቴሌስኮፕ ደግሞ ብርሃንን ወደ ሴንሰሩ የሚልከው በሾጣጣ ቅርጽ ነው። ከመስታወቱ ጠርዝ የሚመጣው ጨረር ሰያፍ ነው። የፎካል ሬሾው ባነሰ ቁጥር ሾጣጣው ይሰፋል፣ ሰያፍነቱም ይብሳል። የንብርብሮቹን አማካይ የብርሃን ስብረት 2 ያህል ነው ብለን ብናሰላው፣ ለሃይድሮጅን አልፋ የጠርዙ ጨረር በኤፍ/7 ወደ 0.4 ናኖሜትር፣ በኤፍ/5 ወደ 0.8፣ በኤፍ/4 ወደ 1.3 ይንሸራተታል። በኤፍ/2 ወደ 5 ይጠጋል። አሁን አስቡት። የባለ 3 መስኮት ግማሹ 1.5 ናኖሜትር ብቻ ነው። በኤፍ/2 የጠርዙ ጨረር ከመስኮቱ ፈጽሞ ይወጣል። እንደ ባደር ያሉ አምራቾች ለኤፍ/2 ተብለው አስቀድመው ወደ ቀይ የተገፉ ፊልተሮችን ለብቻ የሚሠሩት ለዚህ ነው። ኒውተኒያን ያላችሁ ደግሞ መሃሉ በሁለተኛው መስታወት የተሸፈነ ስለሆነ ቀጥ ብሎ የሚገባው ጨረር ነው የሚጎድለባችሁ፤ የሚቀራችሁ አብዛኛው ሰያፉ ነው።

«የኔ ኤፍ/5 ነው፣ 0.8 ምንም አይደል» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ፊልተሩ በትክክል 656.3 ላይ ከተሠራ። ግን ፋብሪካው አንድ ናኖሜትር ወደ ሰማያዊ ካሳተውስ? 1 ሲደመር 0.8፣ 1.8 ነው። መስመሩ ለጠርዙ ጨረር ከመስኮቱ ውጭ ቀረ። ያው ስህተት ባለ 7 ላይ ቢፈጠር መስኮቱ በየጎኑ 3.5 ስላለው አይሰማችሁም። ባለ 7 ይቅር ባይ ነው። ባለ 3 ትክክለኛ ካልሆነ ምሕረት የለውም። ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ግን ስፋቱ ብቻ ነው፤ መሃሉ የት እንዳለ አይጻፍም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አራት ወጣቶች፣ ሁለቱ ተማሪዎቼ የነበሩ፣ ከደመወዛቸው እያዋጡ አንድ ባለ 3 የኦክስጅን ፊልተር አስገዙ። የሻጩን ስም አልጠራም። በሐምሌ ተገዝቶ ዘመድ ቤት ተቀመጠ፣ እዚህ የደረሰው በጥቅምት ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያማረ ግራፍ ነበረ፤ ለሁሉም ፊልተር አንድ ዓይነት የታተመ እንጂ የዚያ የራሱ የተለካ አልነበረም። ዳምቤል የተባለውን ኤም 27 አነሱበት። ከአንድ ሰው ተውሰው ይሠሩበት የነበረው አሮጌ ባለ 12 ከአዲሱ የበለጠ ኦክስጅን አሳያቸው። መጀመሪያ ራሳቸውን ጠረጠሩ፤ ፎከሱን፣ ማውንቱን፣ ፕሮሰሲንጉን። አንድ ወር ሙሉ። ኅዳር ላይ ይዘውልኝ መጡና ፈተሽነው፦ መስኮቱ ከአንድ ናኖሜትር በላይ ወደ ቀይ ተገፍቶ ነበር፤ መስመሩ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሏል። ሻጩ «የመመለሻው ጊዜ አልፏል» አለ። እንደ ውላቸው ከሆነ ልክ ነው፤ አልፏል። ፊልተሩ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ።

እንዴት እንደፈተሽነው ልንገራችሁ፤ ማንም ሊያደርገው ይችላል። ፊልተሩን ከቴሌስኮፑ አውጥተን ከ50 ሚሊሜትር የካሜራ ሌንስ ፊት አደረግነው። ከሌንስ ፊት የኮከብ ብርሃን ትይዩ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ሾጣጣ የለም። የኦሪዮንን ኔቡላ መጀመሪያ የፎቶው መሃል ላይ፣ ከዚያ ካሜራውን እያዞርን ከመሃሉ 4 ዲግሪ፣ 8 ዲግሪ፣ 12 ዲግሪ አርቀን አነሳነው። ኔቡላው ከመሃል ሲርቅ ብርሃኑ በፊልተሩ ሰያፍ ያልፋል፣ መስኮቱም ወደ ሰማያዊ ይንሸራተታል። ፊልተሩ ትክክለኛ ቢሆን ኔቡላው መሃል ላይ ነው ደምቆ መታየት ያለበት። የእነሱ የደመቀው 8 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለኦክስጅን መስመር 8 ዲግሪ ወደ 1.2 ናኖሜትር ነውና፣ መሃሉ ያን ያህል ወደ ቀይ ተስቷል ማለት ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ ሌንስ ጠርዙ ላይ ራሱ ስለሚጨልም ቀዳዳውን ጠበብ አድርጉት፤ የኔቡላውንም ድምቀት በአጠገቡ ካለ ኮከብ ጋር እያነጻጸራችሁ መዝግቡ። የኮከብ ብርሃን በሁሉም ሞገድ የተበተነ ስለሆነ የመስኮቱ መንሸራተት ብዙም አይነካውም።

ግን ይሄ ሰማይ ይፈልጋል፣ ካሜራ ይፈልጋል። አክስታችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ናቸው እንበል፤ ቴሌስኮፕ የላቸውም፣ ስለ ኔቡላም ግድ የላቸውም። ከእሳቸው የሚፈለገው አንድ ስልክ፣ አንድ ጨለማ ክፍልና አንዲት የኒዮን መብራት ነው። ቴስተር ካቻቢቴ ውስጥ ያለችው ብርቱካናማ አምፖል ኒዮን ናት። የድሮ ማከፋፈያ ማብሪያ ላይ የምትበራዋም ብዙ ጊዜ ኒዮን ናት፤ በእጅ መያዝ ስለማያስፈልግ እሷ ትሻላለች። አዳዲሶቹ ኤልኢዲ ስለሆኑ መለየት ያስፈልጋል፦ በሲዲ ጀርባ ነጸብራቋን እዩት። የተነጣጠሉ ቀለማት ከታዩ ኒዮን ናት፤ አንድ የተለጠጠ ቀለም ከሆነ ኤልኢዲ ነው።

ኒዮን ለምን? ኒዮን ከሚያወጣቸው መስመሮች አንዱ 653.3፣ ሌላው 659.9 ናኖሜትር ላይ ነው። የሃይድሮጅን 656.3 በሁለቱ መካከል ተቀምጧል፤ በአንዱ በኩል 3፣ በሌላው 3.6 ይርቃል። እውነተኛና በትክክል የተሠራ ባለ 3 የሃይድሮጅን ፊልተር መስኮቱ ከ654.8 እስከ 657.8 ስለሆነ ሁለቱንም ይዘጋቸዋል። ስለዚህ መብራቷን ግማሽ ሜትር ያህል አርቆ፣ ፊልተሩን ከስልኩ ሌንስ ፊት ቀጥ አድርጎ ይዞ ሲያዩ መብራቷ ልትጠፋ ምንም ያህል መቅረት የለባትም። ከዚያ ፊልተሩን ቀስ እያሉ ማዘንበል። መስኮቱ ወደ ሰማያዊ ሲንሸራተት 653.3ን ያገኘዋል፤ 8 ዲግሪ አካባቢ መብራቷ ብቅ ማለት ትጀምራለች፣ 11 ላይ ትደምቃለች። (ባለ 2 ኢንች ፊልተር አንዱ ጠርዙ ከሌላው 7 ሚሊሜትር ያህል ወደ ፊት ሲወጣ 8 ዲግሪ ነው።) ቀጥ ባለበት ገና ከደመቀች ወይ መስኮቱ ከተጻፈው ይሰፋል ወይ ተስቷል። ሲያዘነብሉት መጀመሪያ ጠፍታ በኋላ ተመልሳ ከበራች የተሳተው ወደ ቀይ ነው። በጣም ብዙ ካልተዘነበለ ጨርሶ ካልመጣችም ነገሩ ወደ ቀይ ያጋደለ ነው። የስልክ ካሜራ ጠቆር ያለውን ቀይ ስለሚቀንስ ክፍሉ በደንብ ይጨልም። ቪዲዮ ቀርጸው በቴሌግራም ይላኩላችሁ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ባለ 7 ከሆነ ግን ቀጥ ባለበት ብትበራ አትደንግጡ፤ መስኮቱ እስከ 652.8 ስለሚደርስ ጤነኛ ነው። የሰልፈር ፊልተር ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ኒዮን 671.7 ላይ መስመር አለው፤ ከሰልፈሩ 671.6 ጋር የተያያዘ ያህል ነው። መብራቷ በሰልፈር ፊልተር ቀጥ ብላ መታየት አለባት። ካልታየች ፊልተሩን በመጣበት ይመልሱት።

ለኦክስጅኑ እንዲህ ያለ መብራት የለም። ለምን የለም የሚለው ራሱ ደስ የሚል ታሪክ ነው። በፈረንጆቹ 1864 ዊልያም ሃጊንስ የተባለው እንግሊዛዊ የአንድ ኔቡላ ብርሃን በፕሪዝም በትኖ ሲያይ ምድር ላይ ከሚታወቅ ንጥረ ነገር ጋር የማይገጥም አረንጓዴ መስመር አገኘ። አዲስ ንጥረ ነገር ነው ተብሎ «ኔቡሊየም» የሚል ስም እስከመውጣት ተደረሰ። በ1927 አይራ ቦወን ኦክስጅን መሆኑን አሳየ። አተሙ ያንን ብርሃን ለማውጣት ሳይነካ ብዙ ሰከንዶች መቆየት አለበት፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለ ጋዝ ደግሞ ምንም ቢሳሳ ከዚያ በፊት ይጋጫል። እንደ ኔቡላ የሳሳ ባዶነት እኛ ዘንድ የለም። ስለዚህ የኦክስጅን ፊልተር ፈታኙ ሰማይ ነው። ውጭ ያለው ሰው ይህን ማድረግ ካልቻለ፣ የዚያን ፊልተር የራሱን የተለካ ግራፍ ከነተከታታይ ቁጥሩ የሚሰጥ ሻጭ ፈልጉ። እንዲህ ያሉ አሉ። ጥቂት ዶላር ቢጨምርም ለእኛ ለማንመልሰው ሰዎች ያ ወረቀት ዋጋ አለው።

ሌላው ፍተሻ የብርሃን ክብ ነው፤ ፈረንጆቹ ሃሎ ይሉታል። ደማቅ ኮከብ ፎቶ ላይ ሲገባ ዙሪያውን ሰፊ የደበዘዘ ክብ ይሠራል። ብዙ ጊዜ የሚብሰው በኦክስጅን ፊልተር ነው። ይህን ለመፈተን ከአልኒታክ የተሻለ ኮከብ አላውቅም፤ በኦሪዮን መቀነት ላይ ያለው ነው፣ ሆርስሄድ ኔቡላም አጠገቡ ስለሆነ ለማንኛውም ልታነሱት የምትፈልጉት ቦታ ነው። አምስት ደቂቃ አንሱት። ክብ ከታየ ፊልተሩን ከመርገማችሁ በፊት ለኩት። የክቡን ስፋት በፒክስል ቆጥራችሁ በፒክስሉ መጠን አባዙት፣ በፎካል ሬሾው አባዙት፣ ለሁለት አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር ብርሃኑ የሚመላለስባቸው ሁለት ገጾች ርቀት ነው። ለምሳሌ 1000 ፒክስል፣ 3.76 ማይክሮን፣ ኤፍ/6 ከሆነ 11 ሚሊሜትር ይመጣል። ፊልተራችሁ ከሴንሰሩ 11 ሚሊሜትር ላይ ከተቀመጠ ጥፋተኛው ተገኘ። ቁጥሩ ከዚያ በጣም ካነሰ ግን የካሜራው የራሱ መስታወት ሊሆን ይችላል፤ ፊልተር ብትቀይሩ አይጠፋም። ፊልተሩን ገልብጣችሁም ሞክሩ፦ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው ገጽ ወደ ሰማይ ሲዞር ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ሁለት ፊልተር የምታነጻጽሩ ከሆነ ደግሞ እባካችሁ አንዱን ሰኞ አንዱን ሐሙስ አንስታችሁ «ይሄ ይሻላል» አትበሉኝ። ጨረቃው፣ አቧራው፣ የኔቡላው ከፍታ ሁሉ ይለያያል። በአንድ ማታ፣ ተራ በተራ፦ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው፣ አንደኛው። ከዚያ ከኔቡላው ድምቀት የሰማዩን ቀንሳችሁ በሰማዩ ኖይዝ አካፍሉ። ያማረ ፎቶ የፕሮሰሲንግ ችሎታን እንጂ ፊልተርን አያሳይም።

ታዲያ ምን ይገዛ? ቀለም የሚያነሳ ካሜራ ያላችሁ፣ ማለትም አብዛኞቻችሁ፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅንን በአንድ ላይ የሚያስገባ ባለ ሁለት መስኮት ፊልተር፣ 7 ናኖሜትር አካባቢ። የኦፕቶሎንግ ኤል-ኤክስትሪም የዚህ ዓይነት ነው፤ ሌሎችም አሉ። ቀይ ፒክስሎች ሃይድሮጅኑን፣ አረንጓዴና ሰማያዊዎቹ ኦክስጅኑን ይሰበስባሉ፤ የሚባክን ማታ የለም። ካሜራችሁ ፋብሪካ እንደወጣ ያለ ተራ የፎቶ ካሜራ ከሆነ ግን ከሴንሰሩ ፊት ያለው ማጣሪያ አብዛኛውን የሃይድሮጅን አልፋ ብርሃን ስለሚያባርር፣ ከፊልተሩ በፊት እሱን ማስነሳት ይቀድማል። ሴንሰራችሁ ኤፒኤስ-ሲ ከሆነ 2 ኢንች ግዙ፤ ባለ 1.25ቱ ጠርዙን ያጨልማል።

ጥቁርና ነጭ ካሜራ ያላችሁ መጀመሪያ የሃይድሮጅን ባለ 6 ወይም ባለ 7 ግዙ። ባለ 3 ሃይድሮጅን 658.4 ላይ ያለውን የናይትሮጅን ብርሃን ይቆርጣል፤ እንደ ሄሊክስ ባሉ ኔቡላዎች ላይ ደግሞ ያ ብርሃን ትንሽ አይደለም። ጠባብ መግዛት ካማራችሁ ገንዘቡን ኦክስጅኑ ላይ አውሉት፤ የጨረቃ ብርሃን ከቀዩ ይልቅ እሱን ነው የሚጎዳው። የሰልፈሩን ለመጨረሻ ተዉት።

ባለ 3 የሚገባው ሰው የለም እያልኩ አይደለም። ቴሌስኮፑ ኤፍ/5 እና ከዚያ በላይ ቁጥር የሆነ፣ ማውንቱ አሥር ደቂቃ የሚችል፣ ፊልተሩን ፈትሾ መመለስ የሚችል ሰው ይግዛ። ቨርጂኒያና ፍራንክፈርት ያላችሁ ተማሪዎቼ ለእናንተ ምክሬ ሌላ ነው፤ ሰማያችሁም የባሰ ነው፣ ሱቁም ቅርባችሁ ነው። ከሺህ ዶላር በላይ ለሚጠይቅ የሦስት ፊልተር ስብስብ ብድር ለመግባት የምታስቡት እዚህ ያላችሁት ግን ቆም በሉ። በዚያ ገንዘብ ባለ ሁለት መስኮቱን ፊልተርና ሻል ያለ መከታተያ ታገኛላችሁ።

አንድሮሜዳን ወይም ፕሌያድስን ለማንሳት ናሮውባንድ ልግዛ ያላችሁኝ ሁለት ልጆች፦ አይ። እነዚያ የኮከብ ብርሃን ናቸው፤ ፊልተሩ እነሱንም ከከተማው ጋር ይቆርጣቸዋል። ለእነሱ ከከተማ መውጣት ነው።

መስቀል ካለፈ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ሰማዩ ከፈቀደ፣ ከማታው 2 ሰዓት ጀምሮ እኔ ቤት ሰገነት ላይ እንገናኝ። በዚያ ሰዓት ኤም 27 ከፍ ብሎ ይጠብቀናል፤ የኦክስጅን ፊልተሮችን እሱ ላይ እናያለን። የሃይድሮጅን ቱቦዬም ይሠራል፦ የሃይድሮጅን ፊልተር 656.3ን ማሳለፉን፣ የኦክስጅኑ ደግሞ 486.1ን መዝጋቱን እናረጋግጣለን። ፊልተር ያላችሁ ከነሳጥኑ አምጡ። የምትመጡ ከታች ጻፉልኝ፤ ወንበር ስለሚያንስ ቁጥራችሁን ልወቅ። ሹራብም ያዙ፣ ሰገነቱ ይበርዳል።